ማዕድኑ አለቀ፤ ቡድኑ ግን አለ

ዝናቡ ጋብ ብሎ የቡናው ለቀማ ሲጀመር በመቱ፥ በጎሬ፥ በያዮና በበደሌ ሁለት ነገሮች ባንድነት ይነቃሉ፤ አንደኛው ገበያው ነው፤ ሁለተኛውም የኳስ ሜዳው ነው። ጭቃው የደረቀለት ወጣት ኳሱን ይዞ ይወጣል፤ በዚያው ሳምንትም የሰፈሩ ቡድን ተወካዮች የመዋጮ ዝርዝር የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው በየሱቁ ደጃፍ ብቅ ይላሉ። አንዱ ነጋዴ የማልያ ዋጋ ይሰጣል፤ ሌላው ኳስ ይገዛል፤ ሦስተኛው ቡድኑን ወደ ጎረቤት ከተማ የሚያደርስ መኪና ያበድራል። ባለ ሱቁ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ግን በመዝገቡ የትኛው ዓምድ ላይ እንደሚያሰፍረው ይቸግረዋል። ምጽዋት እንዳይለው ተቀባዩ ድኻ አይደለም፤ የንግድ ወጪ እንዳይለውም ያስገኘለትን ትርፍ በዓይኑ አያይም። ብዙዎቹ ሳይጽፉት ይቀራሉ።

ለዚህ ችግር በሌላው የዓለም ዳርቻ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ውስጥ የራስዋን መልስ ስትሰጥ ኖራለች። ከተማዪቱ ፍሊን ፍሎን ትባላለች። የምትገኘው በካናዳ አገር፥ በማኒቶባና በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገሮች ወሰን ላይ ሲሆን፥ የነዋሪዎችዋ ቍጥር ዛሬ 5000 ያህል ነው፤ ይህም ከመቱ ሕዝብ እጅግ ያነሰ ነው። ቦምበርስ የሚባለው የወጣቶች ቡድንዋ የሚጫወተው በኢሉባቦር ሰው ዓይቶት የማያውቀውን የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። ከዚህ በታች የካናዳውን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጨዋታው እንግዳ ቢሆንም ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በገና ዕለት ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዞ በሜዳ ላይ ሩር ያሳደደ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። ልዩነቱ፥ ሜዳው የረጋ በረዶ መሆኑ፥ ጫማው ከሥሩ እንደ ቢላዋ የሳለ ብረት የተገጠመለት መሆኑ፥ ሩሩም ድቡልቡልነቱ ቀርቶ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጥቍር ጠፍጣፋ ክብ መሆኑ ነው። በያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ጨዋታውም በሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይፈጸማል። የወጣቶች ቡድን የሚባለው ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ልጆች የሚሰለፉበት ነው። የግጭቱ ብርታት ከገና ጨዋታ አይተናነስም፤ በገና ጨዋታ የተፈነከተ አባት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም።

የከተማዪቱ ስም አመጣጥ ለብቻው ያስቃል። በ1905 «ፀሐይ የሌላት ከተማ» የሚል ትርጕም ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ፍሊንታባቲ ፍሎናቲን የሚባል ሲሆን፥ በባሕር ሰርጓጅ ጀልባ ከአንድ ጥልቅ ሐይቅ ሥር ገብቶ ወርቅ የለበሰ ዋሻ ያገኛል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማዕድን ፈላጊዎች በሰሜኑ ጫካ የመዳብና የዚንክ ክምችት ባገኙ ጊዜ የዚያን ሰው ስም አሳጥረው ለቦታው ሰጡት። ከተማ በልብ ወለድ ሰው ስም ሲጠራ የሚሰማው ብዙ ጊዜ አይደለም። የተቈረቈረችውም በጠንካራ አለት ላይ ስለ ሆነ፥ የቆሻሻ ውሃ ቧንቧ የሚቀበርበት አፈር ጠፍቶ በብዙው ስፍራ በእንጨት ሣጥን ተሸፍኖ ከመሬት በላይ ተዘረጋ፤ ሕዝቡም የሣጥኑን ክዳን እንደ እግረኛ መንገድ አድርጎ ይረማመድበት ጀመር። በ1927 ሀድሰን ቤይ የማዕድንና የማቅለጫ ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1928 የምድር ባቡሩ ደረሰ፤ በ1930 ማቅለጫው ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ጋጋሪውም፥ ልብስ ሰፊውም፥ ባለ ሱቁም የሚኖሩት ኩባንያው በሚከፍለው ደመወዝ ነበር።

ባንድ ንግድ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ከተማ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ለኢሉባቦር ነጋዴ መንገር አያስፈልግም። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ጨውና ጨርቅ አራግፎ የምዕራቡን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። በዚሁም ምክንያት ጎሬ በደጋው ላይ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሳይቀሩ መጋዘን የሠሩባት የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ለመሆን በቃች። ኋላ የመኪና መንገድ ቡናውን ወደ አዲስ አበባ አዞረው፤ የመርከቡ ንግድ ከሰመ፤ አስተዳደሩም ወደ መቱ ተዛወረ። ጎሬ ዛሬም አለች፤ ነገር ግን የጎሬ ሽማግሌዎች ስለ ገበያቸው ሲናገሩ ግሣቸው «ነበር» ነው።

ፍሊን ፍሎን ይህ እንደሚመጣባት በጊዜው አላሰበችም። ኩባንያው በተቋቋመበት በ1927 ዓመት ቡድኑም ተመሠረተ፤ መጀመሪያ የዐዋቂዎች ቡድን ነበረ። ክረምቱ ረዥም፥ ብርዱ ከዜሮ በታች ከሠላሳ ዲግሪ የሚወርድ፥ ሌላውም ከተማ ሩቅ በመሆኑ ከሥራ በኋላ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ ከበረዶ አዳራሹ በቀር ብዙ አልነበረም። በ1948 ቡድኑ ወደ ሳስካቸዋን የወጣቶች ሊግ ገባ። ኩባንያው ለተጫዋቾቹ በማዕድኑና በማቅለጫው ሥራ ይሰጣቸው ነበር፤ ከሌላ አውራጃ የመጣ ጐበዝ ልጅ ሥራም ደመወዝም እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ወደዚያ ብርድ ለመሄድ አላመነታም። የአገሬው ቤተ ሰብም እንደነዚህ ያሉትን ልጆች በቤቱ ተቀብሎ እያበላ ያኖር ነበር፤ ይህ ልማድ በካናዳ የወጣቶች ሆኪ ውስጥ እስከ ዛሬ አልቀረም። አዲሱ አዳራሽ በ1958 ሲከፈት፥ ከማዕድኑ ቀደምት ባለ ገንዘቦች መካከል የነበረውን የዊትኒ ቤተ ሰብን ስም ይዞ «ዊትኒ ፎረም» ተባለ። የሚይዘውም ሁለት ሺህ ያህል ሰው ነው። በዘመናችን ቍጥር ቢታሰብ ከከተማዪቱ ሕዝብ ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ ባንድ ምሽት ባንድ ጣራ ሥር ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው፤ የገበያ ቀን ትርጕሙ ለገባው ነጋዴ ይህ ቍጥር ትርጓሜ አያሻውም።

አዳራሹ ከመከፈቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ1957፥ ከቡድኑ ታሪክ ሁሉ የላቀው ነገር ሆነ። በካናዳ የወጣቶች ሆኪ ከፍተኛው ሽልማት የመታሰቢያ ዋንጫ ይባላል። ቦምበርስ በቦቢ ኪርክ አሠልጣኝነትና በቴድ ሃምፕሰን አምበልነት የምዕራቡን ወገን አሸንፈው ለመጨረሻው ግጥሚያ ቀረቡ። ተቃራኒያቸው የኦታዋው የካናዲየንስ ወጣቶች ቡድን ነበረ፤ ይህ ቡድን በዓለም ከታወቁት የሆኪ ክለቦች አንዱ የሆነው የሞንትሪያል ካናዲየንስ ልጅ ሲሆን፥ የሚመራውም ኋላ በሆኪ ዓለም ስሙ በገነነው በሳም ፖሎክ ነበር። ባንድ ወገን የዋና ከተማ ገንዘብና ዝና፥ በሌላው ወገን በመዳብ ጢስ የጠቈረ የጫካ ከተማ ቆመ። ግጥሚያው በፍሊን ፍሎንና በሬጃይና ከተሞች ተደርጎ እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ዘለቀ፤ ሦስት ለሦስትም ሆኑ። ሰባተኛውን በሬጃይና ቦምበርስ 3 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ፍሊን ፍሎን ያንን ዋንጫ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላገኘችውም።

ከአሸናፊዎቹ ልጆች አንዱ ፓት ጊኔል ይባል ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ዚያው ቡድን ተመለሰ፤ በእርሱም ጊዜ ቦምበርስ የምዕራብ ካናዳን ሊግ በ1969ና በ1970 በተከታታይ አሸነፉ። በዚህ ዘመን ከተነሡት ሁሉ ስሙ የሚጠራው ቦቢ ክላርክ ነው። ክላርክ በ1949 በዚያችው ከተማ የተወለደ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ሲሆን፥ ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር በሽታ ነበረበት። በ1967–68 የውድድር ዘመን በ59 ጨዋታ 51 ግብ አግብቶ 117 ግብ የሆነ ኳስ አቀበለ፤ አጠገቡ የተሰለፈው ሬጂ ሊች ደግሞ በዚያው ዓመት 87 ግብ አገባ። ይህን ሁሉ እያዩ የታላላቁ ሊግ ክለቦች በሽታውን ፈሩ። ጊኔልም ልጁን ይዞ አሜሪካን አገር ወዳለው ወደ ማዮ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሞቹም ራሱን ከጠበቀ መጫወት እንደሚችል የሚመሰክር ጽሑፍ ሰጡት። ያም ሆኖ በ1969 የተጫዋቾች ምርጫ ላይ ዐሥራ ስድስት ስሞች ከተጠሩ በኋላ ነበር የፊላደልፊያ ክለብ ክላርክን የመረጠው። ክላርክ የፊላደልፊያ አምበል ሆኖ በ1974ና በ1975 የስታንሊን ዋንጫ አነሣ፤ በሁለተኛውም ጊዜ ሊች አብሮት ነበር።

ዕቃ ላኪ ነጋዴ በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ልብ ይላል። ልጁ ከፍሊን ፍሎን ወጥቶ በሌላ አገር ዋጋው ሲጨምር ለከተማዪቱ የደረሳት ስሙ እንጂ ገንዘቡ አልነበረም። ቡናውን ያለ ምንም ዝግጅት በጆንያ ልኮ፥ ተቈልቶና በቆርቆሮ ታሽጎ በውጭ አገር ሱቅ ሲያየው የሚተክዝ የኢሉባቦር ነጋዴ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ውድቀቱ መጣ፤ የመጣውም ከበረዶው ሳይሆን ከሒሳቡ በኩል ነው። ሊጉ እያደገ ወደ ትላልቅ ከተሞች ሲስፋፋ፥ ቦምበርስ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ካሉ ቡድኖች ጋር ለመጫወት ባንድ ጉዞ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ይገደዱ ጀመር። ጊኔልም በ1973 ወደ ሌላ ክለብ ሄደ። ተቃራኒዎቹ ቡድኖች ብዙ ሕዝብ የሚይዙ አዳራሾች ሲኖሩዋቸው፥ የፍሊን ፍሎን አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ የሚያስገባው ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንም ነበር። በ1978 በታላቁ ሊግ የነበረው የቡድኑ ቦታ ወደ ኤድመንተን ከተማ ተዛወረ። ኤድመንተን በአንድ ዓመት ውስጥ ሰለቸው፤ ቦታው ወደ አሜሪካ ግዛት ወደ ግሬት ፎልስ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ስፖኬን ሄዶ እዚያው ከሰመ።

ይህ ዐይነት ነገር በኢትዮጵያ ታሪክም አለ። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፥ በተለምዶ «ኮተን» የሚባለው፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ ወስዷል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚሁ የኮተን ተጫዋች ነበረ። ኮተን በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድርም በአክራ ከቀረቡት አራት ቡድኖች አንዱ ሆኗል። የስኳር፥ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሁሉ በየዘመናቸው ቡድን አቁመዋል። ፋብሪካ ሲበረታ ቡድኑ ይበረታል፤ ፋብሪካ ሲያነክስ ማልያው መጀመሪያ ያረጃል። በቀድሞው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረችው በደሌ በ1985 ዓ.ም. የቢራ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምርባት ያየው ተስፋ ትንሽ አልነበረም። ፋብሪካው በ2003 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለሆላንዱ ሃይኒከን ሲሸጥ ግን ለአካባቢው ወጣቶች ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ጠረጴዛ በአምስተርዳም ሆነ። ይህም በክፋት የሚነገር አይደለም፤ ባለ ንብረት በንብረቱ ያዝዛል።

የፍሊን ፍሎን ሰዎች በ1978 የወሰዱት እርምጃ ከዚህ የተለየ ነበር። የታላቁ ሊግ ቦታ ከእጃቸው ቢወጣም ቦምበርስ የሚለውን ስም አልለቀቁም። በአካባቢው ባለው ዝቅተኛ ውድድር ገብተው ስድስት ዓመት ተጫወቱ፤ በ1984 ወደ ሳስካቸዋን የወጣቶች ሊግ ተመለሱ፤ በ1993ም ሊጉን አሸነፉ። ቡድኑ ትርፍ የማያከፋፍል የሕዝብ ማኅበር ነው፤ አክሲዮኑን የሚሸጥለት ባለ ሀብትም የለውም። ሥራውን የሚመሩት ከከተማው የሚመረጡ፥ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ገቢው ከመግቢያ ትኬት፥ ከሎተሪ፥ ከእራት ግብዣ፥ እንዲሁም በአዳራሹ ግድግዳና በበረዶው ዙሪያ ባለው እንጨት ላይ ከሚለጠፈው የነጋዴዎች ማስታወቂያ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ የባለ ሱቁ ዓምድ ጥያቄ ይመለሳል፤ በፍሊን ፍሎን ገንዘቡ የሚጻፈው በማስታወቂያ ወጪ ሥር ነው፤ ሰጪውም ስሙን ክረምቱን ሁሉ በግድግዳው ላይ ያያል፤ በዓመታዊው ስብሰባም ተነሥቶ ሒሳቡን ለመጠየቅ መብት አለው።

ከሒሳቡ ውጭ የሆነም ልማድ አለ። በፍጻሜ ውድድር ጊዜ ቡድኑ ሲቀናው ተመልካቹ በደስታ የታላቅ አጋዘን እግር፥ ሰኮናው ሳይነቀል፥ በረዶው ላይ ይወረውራል። እግሩ በምን መንገድ በበር ጠባቂዎቹ ፊት እንደሚያልፍ ለውጭ ሰው አይነገርም።

የትናንሽ ከተሞች ቡድን ትልቁ አደጋ ግን ከገንዘብ እጦት ይከፋል፤ እርሱም መንገዱ ነው። ከጎሬ ወደ በደሌ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ለጨዋታ የሄዱ ልጆች ያሉት ወላጅ ማታ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ውጤቱን አይደለም። በዚያው በሳስካቸዋን ሊግ ሃምቦልት የምትባል፥ 6000 ያህል ሕዝብ ያላት የገበሬ ከተማ ብሮንኮስ የሚባል ቡድን አላት። ኤፕሪል 6 ቀን 2018 ማታ ቡድኑ ለፍጻሜ ውድድር ወደ ኒፓዊን ሲጓዝ አውቶቡሱ በአንድ መስቀልያ መንገድ ላይ ከከባድ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ጭምር 16 ሰዎች ሞቱ፤ 13 ቈሰሉ። በዚያ ሳምንት በካናዳ ከተሞች ሁሉ ሰዎች የሆኪ ዱላቸውን አውጥተው በየቤታቸው ደጃፍ አቆሙ፤ ልጆቹ ወደ ሄዱበት ቢፈልጉት ይውሰዱት ለማለት ነው። ከመላው ዓለም የተሰበሰበው የርዳታ ገንዘብም ከ15 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ሆነ። ሃምቦልት በዚያው ዓመት መከር ቡድንዋን እንደ ገና አሰለፈች፤ ከአደጋው የተረፉ ሁለት ልጆችም በሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በሳስካቸዋንና በአንዳንድ ሌሎች የካናዳ ክፍለ ሀገሮች ከባድ መኪና ለመንዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የግድ ሊወስደው የሚገባ ሥልጠና ተደነገገ። ዕቃውን በከባድ መኪና የሚያስጭን ነጋዴ ሁሉ ይህን ቢያውቀው አይጐዳም፤ ሾፌሩን የሚያጣድፈው ብዙ ጊዜ የዕቃው ባለቤት ነውና።

በፍሊን ፍሎን የተፈራው ነገር በመጨረሻ ደረሰ። በ2010 ሰማንያ ዓመት ያገለገለው ማቅለጫ ተዘጋ። በ2022 ደግሞ «777» የሚባለው የመጨረሻው ማዕድን ጕድጓድ ክምችቱ አልቆ ሥራ አቆመ፤ ኩባንያው ሥራውን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ስኖው ሌክ አዞረ። ለ92 ዓመታት መዳብና ዚንክ ያስወጣች ከተማ ዛሬ የራስዋ ማዕድን የላትም። የዊትኒ ፎረም ግን አልተዘጋም፤ ቦምበርስም ከሊጉ አልወጡም። ለልጆቹ ሥራ ይሰጥ የነበረው ኩባንያ ቢሄድም ለልጆቹ እራት የሚያቀርበው ቤተ ሰብ፥ ትኬት የሚቈርጠው መምህርና ማስታወቂያውን የሚያሳድሰው ባለ ሱቅ ከከተማው አልሄዱም።

በሜይ ወር 2025 መጨረሻ የደን እሳት ከከተማው ዳርቻ ስለ ደረሰ የፍሊን ፍሎን ነዋሪ ሁሉ ቤቱንና ሱቁን ቈልፎ እንዲወጣ ታዘዘ። ለአራት ሳምንት ያህል በከተማዪቱ የቀሩት እሳት አጥፊዎችና የጥበቃ ሰዎች ብቻ ነበሩ። እሳቱ በዙሪያው ያለውን ጫካ በላ፤ ከተማዪቱን ግን አልነካትም። በጁን መጨረሻ ሕዝቡ ተመለሰ፤ ባለ ሱቆቹ የተበላሸውን ሥጋና ወተት እያወጡ መደርደሪያቸውን አጠቡ፤ በመከርም የዊትኒ ፎረም በረዶ ፈስሶ ረጋ።